ማንን ፈልገህ ነው?

"አንድ ሰው ብቻ!" ይላል ረዳቱ፣
ገና ባዶ ነው ግማሽ ወንበሩ፤
ያ አንድ ሰው እኔ ሆኜ ገባሁኝ፣
ላምበረት ሳይነቃ፣ ሳይሞቅ አየሩ።

"የት ነው ምትወርደው?" "መጨረሻ ነኝ"
ብዬው ነበረ፣ ሳላውቅ ስፍራውን፤
ሰንዳፋም አለፈ፣ አስፓልቱም አለቀ፣
ሾፌሩ በራሱ ዘጋ ሙዚቃውን።

አንድ መንገድ ናት ከተማዪቱ፣
ከላይ ወፍጮ ቤት፣ ከታች ጤና ኬላ፤
መሃሏ ላይ ውሻ ተኝቶባታል፣
ታክሲው ዞረለት እንዳይጉላላ።

"ገበያው እኮ ትናንት ነበረ፤
ዛሬ ምንም የለም" አለች ያደቴ ባለሱቋ።
እኔም የመጣሁት ለዚያ ነበረ፤
ምን ብዬ ላስረዳት? የት አለኝ ቋንቋ?

ቀትር ላይ ወፍጮው ትንፋሹን ሲውጥ
ዝምታ መጣ፣ የዘገየ እንግዳ፤
የዶሮ ጥፍር ሰማሁ ጭድ ሲጭር፣
ባልዲ ሲንኳኳ ከሩቅ ሰው ጓዳ።

ስልኬን ላጠፋው ከኪሴ ባወጣው
ኔትወርኩ ቀድሞ ጠፍቶ ጠበቀኝ፤
ዝምታን ላገኝ መጥቼ ነበረ፣
ሰው ግን ዝም ብሎ አልለቀቀኝ።

"ማንን ፈልገህ ነው?" አለኝ ጎማ ለጣፊው፣ እጁ ባልዲ ውስጥ።
"ማንን ፈልገህ ነው?" አሉ የወፍጮው ሰው፣ ቅንድባቸው ዱቄት።
"ማንንም" አልኩኝ።
ተያዩ።
"ማንንም የሚባል ሰው እዚህ አናውቅም።
እዚህ የሚመጣ
ወይ ለለቅሶ ነው፣
ወይ ለሰርግ ነው፤
ሁለቱም ካልሆነ፣ ያው፣ ለመሬት ነው።"

ወሬው ቀደመኝ። ጥግ ላይ ስደርስ
ሁንዴ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ጫማው ሹል፣ ስልኩ ሁለት።
"ካሬው ስንት እንደገባ ሰምተሃል?
አትፈር፤
ያለፈው ሳምንት ሰዎችም
'አየር ልንቀበል ነው' ብለው ነው የጀመሩት።"

ከወፍጮው ጀርባ ባቄላ አብቧል፣
ዓይኑን የተኳለ ነጭ አበባ፤
ኦቦ ጉተማ ዳሩ ላይ ቆመዋል፣
ልጅ እንደሚድር ሰው፣ ሆዳቸው የባባ።

እሳቸው ማንን አላሉኝም።
"ቤትህስ?" አሉ።
"አዲስ አበባ ነው። ኮንዶሚኒየም፤ አራተኛ ፎቅ።"
"ከሥርህ ማን አለ?"
"ሰው አለ።"
"ከሱስ ሥር?"
"ሌላ ሰው።"
"ከሱስ?"
"ፀጉር ቤት።"
"ከፀጉር ቤቱስ ሥር?"

ነፋስ መጣ፤ ማሳው በሙሉ
ጥቁር ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ።
ምላሴን ፈለግሁ፣
እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው
ከታች ከታቹ ቀድሞ የያዘውን እሸት
እየለቀሙ ነበረ።

"ጥሬውን ብላ። ዘንድሮ ጣፍጧል።"
በላሁ፤ እውነት ነው፣ ጣፍጧል።
ስለ ከርሞ እኔም አልጠየቅሁ፣
እሳቸውም አላነሡ።
የሸንኮፉ ውሃ ጣቴን አጠቆረው፣
በሱሪዬ ብጠርገው የማይለቅ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር።
ተሰናብቼ ስወጣ፣
ከባሕር ዛፉ ሥር እስከ ጅረቱ ድረስ
እግሬ ዝም ብሎ አልሄደም፤ ይቆጥር ነበር።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...
ወርዱን ጨርሶ ወደ ቁመቱ ሊዞር፣
በሁንዴ ዋጋ ሊያባዛ፤
ሠላሳ አንድ ላይ ነው
ራሴን እጅ ከፍንጅ የያዝኩት።

የመጨረሻው ታክሲ ሞተሩን አስነሥቷል።
ጎማ ለጣፊው መዶሻውን አስቀምጦ
ቀና አለ፦
"ሰውዬህን አገኘኸው?"

እጄን ኪሴ ከተትኩ፣ ጥቁሩ እንዳይታይ።
"አገኘሁት" አልኩት።

ውሻው ያው እዚያው ነው፤
ታክሲው ዞረለት።